ለተነቀለ ጥርስ ፍርድ ቤት አይኬድም ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። እኔ ዘንድ በሦስት ሰው በኩል ደረሰኝ። ጸሐፊው በጥርስ ሕክምና ብዙ ዓመት እንደሠሩ ይናገራሉ። መልእክታቸው ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር ውስጥ ታካሚዎች ጥርሳቸውን ተነቅለው ትንሽ ሲያማቸው «እከሳለሁ» ማለት ጀምረዋል፤ ይህ ካልቆመ ባለሙያው ከተማውን ጥሎ ይሄዳል። ስድስት ምክንያት ይደረድራሉ። ጥርስ ቀላል ነገር ነው። ታካሚው ፈርሞ ነው የታከመው። ለጥርስ የተጻፈ ሕግ የለም። ታካሚው ራሱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ክስ ባለሙያን ያሸሻል። በመጨረሻም ፍርድ ቤት ያመላልሳል፣ ካሳውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ጠብቆ በሽማግሌ መጨረስ ይሻላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠበቃም አይደለሁም። ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻና ክስ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። የተጎዳ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እኛን ነው። ደግሞም ይህ ነገር ቤቴ ድረስ ገብቷል። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ነጥባቸውን በተራ በተራ ልመልስ።

ጥርስ ቀላል ነገር ነው ይላሉ። ተነቅሎ አካሉ የጎደለ ሰው በዘመናቸው አላዩም።

እኔ የታናሽ እህቴን ከንፈር አይቻለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በቀኝ በኩል የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሷ እንቅልፍ ነሳት። ግማሹ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ግማሹ ብቅ ብሎ ነበር። ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ስሙን አልጠራም። ራጅ አላነሷትም። ባለሙያው አፏን አየና «ዛሬውኑ እንገላግልሻለን» አላት። ከአንድ ሰዓት በላይ ታገለ። ጥርሱ ተሰባብሮ ወጣ። ማታ ቤት ስትመጣ ከንፈሯና አገጯ በቀኝ በኩል ደንዝዞ ነበር። «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቅሻል» ብለዋታል። አደረች፤ አልለቀቃትም። በሳምንቱ ሄደች፤ «ታገሺ» አሏት። በወሩ ሄደች፤ «ጊዜ ይፈታዋል» አሏት። ለጥርስ የሚወጉት ማደንዘዣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደሚለቅ ያወቅነው በኋላ ነው።

ዛሬም ቡና ስትጠጣ ሲኒውን ወደ ግራ አስጠግታ ነው። አንድ ቀን ረስታ በቀኝ በኩል ፉት አለች። ከንፈሯ ተቃጠለ፤ አልተሰማትም። መስታወት ፊት ስትቆም ነው ውኃ ቋጥሮ ያየችው። ወጥ አገጯ ላይ ሲወርድ አታውቅም። ትንሹ ልጇ ነው የራሱን አገጭ በጣቱ እየነካ የሚነግራት። ሰው ቤት ስትጠራ ሶፍት ጨብጣ ትቀመጣለች። ጽሑፉ ላይ «ቀላል» የሚለውን ቃል ሳነብ የታየኝ ያ ሶፍት ነው።

ጸሐፊው የሙያው ሰው ስለሆኑ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በታችኛው መንገጭላ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሥር አንዳንዴ እዚያው ነርቭ ላይ ነው የሚያርፈው። ለምላስ የሚሄደውም ነርቭ ሩቅ አይደለም። የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር ደግሞ ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ካለው ባዶ ክፍል ጋር ይጎራበታል፤ ሲነቀሉ ወደዚያ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ የጠጡት ውኃ በአፍንጫ ይወጣል። ከታችኛው ጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን ከአገጭ ሥር ወርዶ አንገት ካሳበጠ መተንፈሻ ዘግቶ ሰው ይገድላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው «ቀላል» በተባለው ሥራ ላይ ነው። ለዚህም ነው የተቀበረ ጥርስ ከመነካቱ በፊት ራጅ የሚነሣው። ራጁ ነርቩ የት እንዳለ ያሳያል። ባለሙያው አይቶ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብሎ ወደ ሆስፒታል መላክ ይችላል። እህቴ የተነፈገችው ይህንን ነው።

ቀጥለው ፊርማ ያነሣሉ። ታካሚው የስምምነት ወረቀት ፈርሟል፣ ስለዚህ የመጣውን መቀበል አለበት ይላሉ።

ይህን ነገር ብዙ ሰው ያምነዋል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር። ወረቀቱ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ካርድ ክፍል ከፍለህ ስትወጣ ይሰጡሃል፤ ሁለት ሦስት መስመር ናት፤ «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ትላለች። ጉንጩን ይዞ የሚያቃስት ሰው ምን ያነባል? ከወረዳ የመጡ እናት ደግሞ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። አንብቦ የነገራቸው የለም።

ሕጉ የሚለው ፈቃድ ይህ አይደለም። የጤና አገልግሎትን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 299/2006 ሕክምና የሚሰጠው ታካሚው ተነግሮት፣ ገብቶት፣ ፈቅዶ ነው ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ደንግጓል። እምቢ ማለት የሚቻለው ደግሞ የሚደረገውን ነገር ያወቀ ሰው ነው። «ይህን ጥርስ ስነቅል ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ሆስፒታል ብትሄጂ ይሻላል» ተብሎ ቢነገራት እህቴ ትሄድ ነበር።

ሌላው ቀርቶ በደንብ ተነግሮት የፈረመ ሰው እንኳ የፈረመው ሥራው በወጉ እንዲሠራለት ነው። ለቸልተኝነት ማንም አይፈርምም።

አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ከደምቢያ በኩል የመጣች ናት። ጠረጴዛዬ ላይ የተጠቀለለ ሶፍት አስቀመጠችና «አያ፣ እስቲ ይኸን እይልኝ» አለችኝ። ፈታሁት። መንጋጋ ጥርስ ነው። ከተነቀለ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ግን አንዳች ቀዳዳ የለበትም። ንጹሕ ጥርስ። የታመመችው በግራ ነበር። የተነቀለው በቀኝ ነው። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ እዚያው በቦታው ነበር።

የያዘችው ካርድ ላይ 36 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንድ የማውቀው የጥርስ ሐኪም ቁጥሩን አስረዳኝ። አፍ በአራት ይከፈላል። የላይኛው ቀኝ 1 ነው፣ የላይኛው ግራ 2፣ የታችኛው ግራ 3፣ የታችኛው ቀኝ 4። ከዚያ ከፊት መሐል ተነሥቶ ወደ ኋላ እስከ 8 ይቆጠራል። 36 ማለት የታችኛው ግራ የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ነው። የጎደላት ግን 46 ነው። ሐኪም ከታካሚው ፊት ለፊት ሲቆም የታካሚው ግራ ለእሱ ቀኝ ነው። የተጣደፈ ሰው ይሳሳታል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ጽፎ፣ ተመልሶ አይቶ፣ ታካሚውን «የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ መሥራት የሚገባው። ያቺ ሴት 46 እንዲነቀል አልፈረመችም። በየትኛው ፊርማ ነው ዝም በይ የምንላት?

በልጆችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅል መንጋጋ ጥርስ አለ። የወተት ጥርስ ይመስላል፤ አይደለም። ከወጣ ምትክ የለውም። «ይተካል» ተብሎ የተነቀለበት ልጅ አባት ክስ አላጻፈኝም። ጠይቆኝ ብቻ ሄደ። ወላጆች ይህን ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ነጥባቸው በጣም አስደንግጦኛል። ለጥርስ የተጻፈ ሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም ይላሉ። ይህን ያነበበ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ስለዚህ ሕጉን አንድ በአንድ ልጥራው።

ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ስለ ሙያ ጥፋት ይናገራል። ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት። በሳይንስ የታወቀውን ወይም የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚቀበሉትን ደንብ በቸልተኝነት ከጣሰ ይጠየቃል። ጥርስ ሐኪም ባለሙያ ነው። «ጥርስ» የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም። ከአንቀጽ 2639 እስከ 2652 ደግሞ ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል ብቻ የተጻፈ ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋሙ ቀጥሮ በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ «የነቀለልሽ ልጅ ሥራ ለቋል» ቢሉሽ ክሊኒኩ አለ። በመንግሥት ጤና ተቋም ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 2126 አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል።

ወንጀልም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር የሰውን አካልና ጤና የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉ ራሱ ነው ሐኪምን በስም የጠራው። ያለ ትምህርትና ያለ ፈቃድ ሰው የሚያክም ደግሞ በአንቀጽ 535 ይጠየቃል።

ከፍርድ ቤት ውጭ የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴም አለ። አቤቱታ ለጤና ተቆጣጣሪው ይቀርባል። የሥራ ፈቃድ እስከ ማገድና መሰረዝ ሊደርስ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ካሳ አያስከፍልም። ካሳ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ኮሚቴ ጋ አቤት ያለ ሰው ፍርድ ቤት ከመሄድ የሚከለክለው የለም።

አራተኛው፣ ጥፋቱ የታካሚው ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እውነት ነው ብዬ እቀበላለሁ። ሕዝባችን ጥርሱን እስኪበሰብስ ይታገሣል። ነጭ ሽንኩርት ወትፎ ድዱን ያቃጥላል፣ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ አረቄ ይጉመጠመጣል። ፊቱ ሲያብጥ ነው የሚመጣው። የሕፃን ድድ በስቶ «ግግ» ማውጣትም በገጠራችን ገና አልጠፋም፤ ጸሐፊው ይህን ማውገዛቸው ትክክል ነው፣ የወንጀል ሕጉም በጎጂ ልማድ አካል መጉዳትን ይቀጣል። ነገር ግን ዘግይቶ መምጣት የሕክምናውን ስህተት አያጥብም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2098 እንደሚለው ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው በዚያ ልክ ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ግራው ታሞ ቀኙ ለተነቀለባት ሴት ደግሞ ነጭ ሽንኩርቷ ምን አገባው?

አምስተኛው ነጥብ ባለሙያ ይሸሻል የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ከልባቸው እንደሆነ ይገባኛል። የጥርስ ሐኪም ለሕዝባችን ብዛት አልበቃም። እኔም አንድም ጥሩ ሐኪም ከጎንደር እንዲሄድ አልፈልግም።

ግን ሕጉ የሚጠይቀው ማንን ነው? ውጤቱ ስላላማረ ብቻ የሚጠየቅ ሐኪም የለም። ሐኪም የሚገባው ውል አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ ሊያደርግ ነው፤ ያድናል ብሎ ዋስ አልሆነም። ለምሳሌ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከባድ ሕመም የሚያመጣ ነገር አለ። ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ሲወልቅ አጥንቱ ይጋለጣል። ሕመሙ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ይህ በጎበዝ ሐኪም እጅም ያጋጥማል። ለዚህ ብቻ «ክስ ጻፍልኝ» ብሎ የመጣን ሰው እኔ ራሴ መልሼዋለሁ። ወደ ነቀለለት ሐኪም ተመለስ፣ ያጥብልህ፣ መድኃኒት ያድርግልህ ብዬ። ሄዶ ዳነ።

ጥፋት የሚሆነው ሌላ ነው። ራጅ የሚያስፈልገውን ያለ ራጅ መንካት። ያልታመመውን መንቀል። በሌላ ሰው አፍ የገባን መሣሪያ በወጉ ሳያመክኑ እንደገና መጠቀም። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንዳለ ሳይጠይቁ መቁረጥ። እና ከሁሉም በላይ ያጠፉትን መደበቅ።

ስለዚህ ስለ መደበቅ ትንሽ ልቆይ። ክስ ከሚያጽፉኝ ሰዎች የበዙት ያመማቸው ጥርሱ ብቻ አይደለም። ውሸት መነገራቸው ነው የሚያናድዳቸው። አንድ የማውቀው ሐኪም አለ፤ ቅድም ቁጥሩን ያስረዳኝ ራሱ ነው። የጎረቤቴን ጥርስ ሲነቅል ሥሩ ተሰብሮ ጫፉ ውስጥ ቀረ። ያውም ሳይደብቅ ወዲያው ነገረው። «ወንድሜ፣ ጫፉ ቀርቷል። ገፍቼ ባወጣው ነርቭህን እጎዳለሁ ብዬ ፈራሁ። ራጅ አንሥተን አይተን ሆስፒታል እልክሃለሁ» አለው። ካርዱ ላይ ጻፈው። የመላኪያ ወረቀት በእጁ ሰጠው። በሳምንቱ ስልክ ደውሎ ጠየቀው። ጎረቤቴ ዛሬም ልጆቹን የሚወስደው እሱ ጋ ነው። መክሰስ በሐሳቡ አልመጣም። እንዲህ ያለውን ሐኪም ሕጉ ያስፈራዋል ብዬ አላምንም። የጻፈው ካርድ ራሱ ጠበቃው ነው።

ደግሞ ይህች ከተማ የሕክምና ትምህርት አገር ናት። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። ለኢትዮጵያ ገጠር የጤና ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ቦታ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጥርስ ሐኪሞችን ያስመርቃል። ከዚህ ግቢ የሚወጡት ወጣቶች የሙያ ደንብ ተምረው ነው የሚወጡት። ደንቡ ይከበር ማለት እነሱን ማባረር ሳይሆን ከማይረባው ሠራተኛ መለየት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ። ለመጻፍ ያስነሣኝ ይህ ነው። ጠብቁ፣ በሽማግሌ ጨርሱ ይላሉ።

ሽማግሌ አልንቅም። ያደግነው በሽማግሌ ነው። ደም ያደርቃል፣ ጎረቤት ያስታርቃል። ነገር ግን ሽማግሌ እያስታረቀ ሳለ የሕጉ ቀን ይሮጣል። አንቀጽ 2143 ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ የሚጠይቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ሁለት ዓመት። ከዚያ በኋላ ሌላኛው ወገን «ይርጋ»፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል፣ ይላል። ስንት እውነተኛ ክስ በዚህች ቃል ሲወድቅ አይቻለሁ።

ያቺ የደምቢያ ሴት ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ስትመጣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር። ምን አዘገየሽ አልኳት። «ሽማግሌ ይዘውኝ ነዋ» አለች። ለፋሲካ ተባለ። ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል ተባለ። ከዚያ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ታመሙ። በመጨረሻ የነቀሉበትን ሒሳብ እንመልስልሽ አሏት። እንቢ ብላ ወደ እኔ መጣች። ፊቷን እያየሁ ቀኑ እንዳለፈባት መንገር ነበረብኝ። እጄ ከብዶኝ ያውቃል ከተባለ ያን ቀን ነው።

ሙሉ በሙሉ በር ተዘግቷል ማለቴ አይደለም። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና ለወንጀሉ የተቀመጠው የይርጋ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ ያው ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ያገለግላል። ከክሊኒኩ ጋር ያለው ግንኙነት ውል ነው ብሎ፣ ለውል የተቀመጠውን ዐሥር ዓመት ይዞ የሚከራከር ጠበቃም አለ። ወደ ጠበቃ ላክኋት። ግን ይህ ሁሉ ክርክር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጣ ሰው ክርክሩ ራሱ አይነሣም። ሰው እያለው ስለምን በቀጭን ክር ይንጠልጠል?

ሽማግሌ ይግባ ካላችሁም ይግባ። ቀኑን ግን በእጃችሁ ያዙ። ያንን ቀን፣ ጥርሱ የተነቀለበትን፣ ጻፉት። ካርዱን ኮፒ ጠይቁ። ራጁን፣ ደረሰኙን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት አትጣሉ። ካርዱን ከከለከሏችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱና ጉዳቱን ይጻፍላችሁ። ዘላቂ ጉዳት ካለ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ አስልቶ ይሰጣል። እና ሽማግሌ ፊት «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ሲዘረጋላችሁ ቆም በሉ። የእርቅ ውል ከተፈረመ በኋላ ነገሩን እንደገና ማንሣት በጣም ከባድ ነው። ከንፈራችሁ ገና ደንዝዞ ሳለ በአምስት መቶ ብር አትፈርሙ።

ካሳው ትንሽ ነው ላሉት ደግሞ ልዩነቱን ላሳይ። እውነት ነው፣ ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ አሐዝ ነው። ዛሬ ያ ገንዘብ ለእህቴ ሥቃይ መልስ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው ይገባል፤ ይህን ጸሐፊውም ቢሉልኝ አብሬያቸው እጮሃለሁ። ግን ይህ ጣሪያ ለሕሊና ጉዳት ብቻ ነው። ለቁሳዊው ጉዳት ጣሪያ የለም። አንቀጽ 2091 ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። የታከማችሁበት፣ የተመላለሳችሁበት ትራንስፖርት፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን፣ የሚተከለው ምትክ ጥርስ። ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ ሊካስ እንደሚችል አንቀጽ 2092 ይናገራል። የምትክ ጥርስ ዋጋ የጠየቀ ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ ያውቃል።

የእህቴን ክስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው የገባው። ተመላልሳለች፤ አልዋሽም። ቀጠሮ ተቀጥሯል፣ የባለሙያ ማስረጃ ተጠብቋል። በመጨረሻ ክሊኒኩ በፍርድ ቤት ፊት ተስማማ። የሕክምና ወጪዋንና ያጣችውን ገቢ ከፈለ። ከንፈሯ አልተመለሰም። ግን ክሱ ከገባ በኋላ ያ ክሊኒክ የተቀበረ ጥርስ ያለ ራጅ መንቀል ማቆሙን ሰምታለች። ስትነግረኝ እንባ ነበራት።

ገንዘብ የለኝም ለሚል ሰውም መንገድ አለ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሂዱ፣ ጠይቁ። እኔም ሰው ሲያጥረው ልኬያለሁ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ስለ ባለሙያው ድካም የጻፉትን አይሰርዙ፤ እውነት ነው። «ጠብቁ» የሚለውን ግን ያውጡት። ትናንት ከአዘዞ አንድ ሰው መጣ። በስልኩ የእርስዎን ጽሑፍ ይዟል። «አንድ ዐዋቂ ጠብቁ ብለዋልና ልጠብቅ ወይ?» አለኝ። ጥርሱ የተነቀለው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። አላስታወሰም። ከኪሱ የታጠፈ ደረሰኝ አወጣ። አብረን ቀኑን ቆጠርን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት ክሱን ጻፍኩለት።